ሳቅ ያልደረሳት ተዋናይ

ቆቦ ውስጥ ለልጁ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ማሰፋት የሚፈልግ ሰው ትዕማር ዘንድ ይሄዳል። ቤቷ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ሦስተኛው ቅያስ ላይ ነው። በሩ ላይ ማስታወቂያ የለም፤ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ግን ያውቀዋል። ዕድሜዋ ሰባ ሦስት ነው። የትውልድ ስሟ ታማራ ነበር፤ የባሏ እናት መጀመሪያ ቀን ስትሰማው «ትዕማር ማለትሽ ነው» ብላ አስተካከለችው፤ በዚያው ጸና።

ሩሲያዊት መሆኗን ከተማው ያውቃል። የውኃ መሐንዲሱ አባይ ለትምህርት ሄዶ አግብቷት እንደመጣም ያውቃል። ከዚያ በፊት ምን ትሠራ እንደነበር ግን ቆቦ በኖረችበት ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የጠየቃት የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጎረቤት ሰርግ ላይ፣ አብራት የተቀመጠች ሴት «አገርሽም ሳለሽ ልብስ ሰፊ ነበርሽ?» አለቻት።

«አይ፣ ተዋናይ ነበርኩ» አለች ትዕማር።

«እሰይ» አለች ሴትዮዋ፤ ወጥ ጨመረችላት።

የተወለደችው ቮልጋ ወንዝ ዳር ባለች የወደብ ከተማ ነው። አባቷ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ነበር። እናቷ በከተማው ቲያትር ቤት መግቢያ ላይ የተመልካቹን ካፖርት እየተቀበለች የምትሰቅል ሠራተኛ ነበረች። ብርዱ ከባድ ስለሆነ በዚያ አገር ማንም ካፖርቱን ለብሶ አዳራሽ አይገባም። ትንሿ ታማራ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚጠብቃት ሌላ ሰው ስላልነበረ ማታ ማታ በእርጥብ ካፖርቶች መካከል ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ቲያትሩን አታየውም፤ ግድግዳው ወዲያ ማዶ ነው። የምትሰማው ሕዝቡን ነው። ሲስቅ፣ ሲያጨበጭብ፣ ሲያስል። ስምንት ዓመት እስኪሞላት ድረስ ቲያትር ማለት ሰዎች ተሰብስበው የሚስቁበት ቤት ይመስላት ነበር።

በአሥራ ስምንት ዓመቷ የቲያትር ትምህርት ቤት ገባች። አራት ዓመት ተምራ እናቷ በምትሠራበት ቲያትር ቤት ተቀጠረች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ትሪ ይዛ እየገባች ትሪ ይዛ ወጣች። ሃያ አምስት ዓመት ሲሆናት አንድ የፊልም አዘጋጅ ከሞስኮ መጥቶ አያት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሟች ወታደሮችን መርዶ በሳይክል ለየቤቱ የምታደርስ የፖስታ ቤት ልጅ ሆና እንድትሠራ መረጣት። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ልጅቱ አንድ ደብዳቤ ስታነብ የራሷ ወንድም መርዶ ሆኖ ታገኘዋለች። በረዶ ላይ ሳይክሏን ጥላ ደጃፍ ላይ ትቀመጥና ታለቅሳለች። ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ ያለ አንድ ቃል።

ያቺ ሁለት ደቂቃ ታማራን በአገሩ ሁሉ አሳወቀቻት። ፎቶግራፏ በፖስታ ካርድ ታትሞ በየጋዜጣ መሸጫው ተደረደረ። ልጅ የሞተባቸው እናቶች ደብዳቤ ይጽፉላት ጀመር፤ አንዳንዶቹ «ልጄ ሆይ» ብለው ነበር የሚጀምሩት። ለሁሉም መልስ ትጽፍ ነበር። ከዚያ በኋላ የሠራችው ሃያ አንድ ፊልም ሁሉ ለቅሶ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ የጠፋባት፣ እጮኛዋ ሳይመለስ የቀረባት። መድረክም ላይ እንደዚያው። ገና ሠላሳ ሳይሞላት የአምሳ ዓመት ባልቴት ሆና ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ወደ ቲያትር ቤቱ ኃላፊ ገብታ በአዲሱ ኮሜዲ ውስጥ ያለውን የለፍላፊዋን ወጥ ቤት ሚና እንዲሰጣት ለመነችው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። «ታማራ፣ አንቺ ገና ከመጋረጃ ስትወጪ ሰው መሐረቡን ያወጣል» አላት። «በዚህ ፊት ማን ይስቃል?»

አባይን ያገኘችው ፊልም ሲቀረጽ ነው። ታሪኩ ውስጥ የወጣቶች ፌስቲቫል ስላለ የውጭ አገር ተማሪዎች ለአጃቢነት ተጠርተው መጡ። አባይ ከቆቦ አጠገብ ያለችው የጎብዬ ልጅ ነው፤ የውኃ ምሕንድስና ይማር ነበር። የወረቀት አበባ ይዞ ሦስት ቀን አንድ ቦታ አቆሙት። በሦስተኛው ቀን ታማራ ለቀረጻ አልቅሳ ስትመለስ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት። «ይህን ሁሉ እንባ ከየት ታመጪዋለሽ? እኛ አገር ለእርሻ በጠቀመን ነበር።» ሳቀች። ቀረጻው ተቋርጦ እንደገና ተጀመረ።

በሁለተኛው ዓመት ተጋቡ። የውጭ ዜጋ ማግባት በዚያ ጊዜ ሳይነገር የሚያስቀጣ ነገር ነበር። የፊልም ስቱዲዮው መጥራቱን ተወ። ከጋብቻዋ በፊት ሠርታ የጨረሰችው ፊልም ሲወጣ ከአባይ ጋር ሊያዩት ሄዱ። ፊቷ አለ፤ ስሟ ግን ከተዋንያኑ ዝርዝር ውስጥ የለም። አባይ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ። «ስምሽ የታለ?» አለ በሹክሹክታ። እጁን ያዘች፤ እስኪያልቅም አልለቀቀችውም። ሕይወት የምትባል ልጅ ከወለዱ በኋላ ሦስቱም ወደ ኢትዮጵያ መጡ።

አዲስ አበባ የሩሲያ ቋንቋ አስተማረች። መንግሥት ተለወጠና ሩሲያኛ የሚማር ጠፋ። በዚያው ሰሞን አባይ ወደ አገሩ ለመዛወር ጠየቀ፤ ቆቦ ተመደበ። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ የሚመልሱ ቦዮችን ማሠራት ሥራው ሆነ። ትዕማር አንድ የልብስ መኪና ገዝታ በረንዳው ላይ አኖረች። ሥራው ብዙ አልከበዳትም፤ ልብስ ልክ መውሰድና መቁረጥን ቲያትር ቤት ተምራዋለች።

በዚያ በረንዳ ላይ ሰው አይጠፋም ነበር። የውኃ ተራዬ ተዘለለ፣ ከላይ ያለው ሰው ቦዩን ዘጋብኝ የሚል ሁሉ መሐንዲሱን ቤቱ ድረስ ይመጣል። ሴቶቹ ይበዛሉ። ትዕማር እየሰፋች ትሰማለች፣ ታያለችም። በትራቸውን መሬት ላይ እንዴት እንደሚያስቀምጡ፣ ሳይናገሩ በፊት የነጠላቸውን ጫፍ እንዴት እንደሚቋጥሩ፣ የዛሬውን ጉዳይ ከአማታቸው አማት ጀምረው እንዴት እንደሚያመጡት። ምሳ ላይ አባይ ፊት ተነሥታ አንድ በአንድ እነሱን ሆና ታሳየዋለች። ጉርሻው እስኪያንቀው ይስቅ ነበር። «እትዬ እንትናን አምጪልኝ» ይላል፤ ታመጣለታለች። ሌላ ተመልካች አልነበራትም። የዛሬ አምስት ዓመት አባይ በስኳር በሽታ ሲሞት ይህንንም ተወች።

ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የቲያትር ልብስ እንድትሰፋ ተጠራች። የጠራት ደጀን የሚባል የአማርኛ መምህር ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከጓደኞቹ ጋር የቲያትር ቡድን አቋቁሟል። የጻፈው ተውኔት በውኃ ተራ የተነሣ ስለተፈጠረ ጠብ ነው። አንዲት እናት ውኃዋን የወሰደባትን ጎረቤት ሽማግሌ ፊት ታቆመዋለች፤ ክርክሩ ሳያልቅ ልጇ በዚሁ ጠብ ይሞታል። ጎረቤቱን የሚሠራው እንዳለው የሚባል ባጃጅ ነጂ ነው። የእናትየዋን ምራት የምትሠራው ኢስራ የጤና ተማሪ ናት።

ትዕማር ልክ ለመውሰድ አዳራሽ ስትገባ እንዳለው መድረኩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይናገር ነበር። ልኩን ልትወስድ አስቆመችው፤ ካስቆመችው በኋላ ግን ዝም ማለት አልቻለችም። መርፌዎቿን ከአፏ አወጣችና «መጀመሪያ ቁጭ በል» አለችው። «ከዚያ ተናገር። እየሄድክ ስትናገር ሰው እግርህን ነው የሚያየው።»

እንዳለው ተቀመጠ። ያንኑ ነገር እንደገና ተናገረ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች ሁሉ ልዩነቱን ሰሙ።

«እትዬ ትዕማር፣ ይህን የት ተማሩት?» አለ ደጀን።

«ትምህርት ቤት። ከዚያ አሥራ ሁለት ዓመት ሠራሁበት።»

«ምን ሠሩ?»

«ቲያትር። ፊልምም።»

ኢስራ ስልኳን ሰጥታ ስሟን በሩሲያ ፊደል እንድትጽፍላት ለመነቻት። ትንሽ ከፈለጉ በኋላ አገኙት። በረዶ፣ ሳይክል፣ ሻርፕ የጠመጠመች ቀጭን ልጅ። አምስቱም ስልኩ ላይ ተደፍተው አዩና ቀና ብለው ትዕማርን አዩ።

«ሳይክል ይችላሉ?» አለ እንዳለው በመጨረሻ።

እናትየዋን ትሠራ የነበረችው ሙሚና የምትባል የቀበሌ ሠራተኛ ነበረች፤ ከቡድኑ ሴቶች ዕድሜዋ ከአርባ ያለፈ እሷ ብቻ ናት። በወሩ አጋማሽ ወደ ደሴ ተዛወረች። ደጀን በማግሥቱ ጽሑፉን ይዞ ትዕማር በረንዳ ላይ ተቀመጠ።

«እናትየዋን እርስዎ ይሥሩልኝ» አለ።

«አማርኛዬን ትሰማዋለህ አይደል?»

«ጥሩ ነው።»

«ለገበያ ጥሩ ነው። ጠ እና ጨ እስከ ዛሬ ያስቸግሩኛል። በተለይ ስደነግጥ። የራያ እናት ነኝ ብዬ ስናገር ሰው ይስቃል።»

«እንለማመዳለን።»

ጽሑፉን ተቀበለችውና ገለጠችው። «ታለቅሳለች?»

«ሦስት ቦታ።»

«እሱ ቀላል ነው» አለች ትዕማር። ድምጿ ደስ ያላት ሰው ድምፅ አልነበረም። ገጾቹን ትንሽ አገላበጠች። «ይህን ከየት አመጣኸው?»

«የእናቴ ወንድም ነው። እኔ ሳልወለድ በፊት በውኃ ተራ ጠብ ነው የሞተው። እናቴ ትነግረኝ ነበር።»

እንቢ ልትል አስባ ነበር። ይህን ስትሰማ ግን ጽሑፉን አልመለሰችም።

ሦስት ሳምንት ተለማመዱ። ኢስራ ከትምህርት ስትመለስ እየመጣች ቃላቱን ታስጠናታለች። ከሁሉ ያስቸገረቻት «መጣ» ናት፤ ከአፏ ስትወጣ «መታ» ትሆናለች። «ይህ ሰው በተራዬ ቀን መጣ» ማለት ሲገባት «ይህ ሰው በተራዬ ቀን መታ» ትላለች። ኢስራ «ለውዝ እንደሚሰብሩ ጉሮሮዎን ዘግተው ይስበሩት» ትላታለች። ትሰብረዋለች፤ በሦስተኛው ሳምንት አሥር ጊዜ ብላ አሥሩንም ሰበረችው። ለቅሶውን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተለማመደችው። ኢስራ አብራት አለቀሰች፤ ደጀንም ከዚህ በኋላ ልምምድ እንደማያስፈልገው ተናገረ።

ተውኔቱ የታየው ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆመ፤ በቅርቡ ጦርነት የረገፈው መስታወት ገና አልተተካም። የደጀን እናት ወይዘሮ ፀዲ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። በመድረኩ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከፊታቸው እንዳለው። ዋናው ሽማግሌ ዘካሪያስ ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ትዕማር በትር ይዛ ገባች። ሰው አወቃትና ጉርምርምታ ተነሣ። «ዩኒፎርም ሰፊዋ አይደለችም?» ያለ ሰው ድምፁ መድረክ ድረስ ተሰማ።

እንዳለውን በበትሯ አመለከተችው። «ይህ ሰው» አለች፤ «በተራዬ ቀን መታ።»

ዘካሪያስ ጽሑፉን በደንብ አጥንቷል፤ ግን እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ የወጣ ሰው ነው። የሰማውን እንደሰማው ወሰደውና ከልቡ «ማንን መታ?» ብሎ ጠየቀ።

እንዳለው ደነገጠ። «ኧረ እኔ ማንንም አልመታሁም» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ትዕማር ባለችበት ቆመች። በሕይወቷ ስንት ሺህ ሰው ፊት ቆማለች፤ ፊት ለፊት ሳቅ ሲመጣባት ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው። መጋረጃው አጠገብ የቆመው ደጀን ከንፈሩን ሲነክስ አየችው። ሳቁ አላባራም። ትጠብቀው ጀመር፤ እየጠበቀችው ሳለም አንድ ነገር አስተዋለች። ክፋት የለውም። የሚስቁት እንድትወጣላቸው አይደለም፤ ምን ትላለች ብለው ነው።

በትሯን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ አንሥታ ቋጠረችና ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ቀና አለች።

«ይሁን። እናንተ እንዳላችሁት ይሁን» አለች። ከዚያ ሁለቱን ቃላት ለይታ፣ አንዱን ሰብራ ሌላውን ሳትሰብር፣ «መጥቶ ነው የመታኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አልጻፈውም። ትዕማር ክርክሩን ከአማቷ አማት ጀመረች። ሽማግሌው ሊያቋርጣት ሲል እጇን አንሥታ «ገና እኔ አልተወለድኩም፤ ቆይ» አለችው። ከሴቶቹ መቀመጫ አንዷ ጎረቤቷን በክርኗ ጎሰም አደረገችና «ይቺማ ቁርጥ አክስቴን» አለች። እንዳለው ነገሩ ጣመው፤ እሱም ከጽሑፉ ወጥቶ ይመልስላት ጀመር። ደጀን መጋረጃው ጀርባ ገጹን ወደፊት ያገላብጣል፣ ወደ ኋላ ያገላብጣል፤ የት እንደደረሱ ሊያገኘው አልቻለም።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ኢስራ መርዶውን ይዛ ገባች። ጽሑፉ እናትየዋ ጮኻ ደረቷን ትመታለች፣ መሬት ላይ ትወድቃለች ይላል። ትዕማር አልጮኸችም። ተቀምጣ እንደነበረች ቀረች። ኢስራ እየጠበቀቻት ነው።

«ዛሬ ውኃው የማን ተራ ነው?» አለች ትዕማር።

ከኋላ አንድ ሰው ከቅድሙ ለምዶ ሳቀ። ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ አቋረጠው።

ኢስራ ይህን ቃል በጽሑፉ ውስጥ አታውቀውም። ግራ ገብቷት ቆመችና ከራሷ አምጥታ «የእኛ ነው» አለች።

«እንግዲያው ሂጂ ቦዩን ክፈቺ። ማሽላው ይጠጣ።»

«ይጠጣ» ስትል ጠ ሳትሰበር ቀረች፤ ማንም አልሳቀም። በትሯን ለማንሣት ጎንበስ አለች፤ ሁለት ጊዜ ሳተችው፤ በሦስተኛው ያዘችውና መውጣት በማይገባት በኩል ወጣች። ዘካሪያስ መጋረጃውን እንዲዘጉ በዓይኑ ጠቀሰ። ጭብጨባው ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ከመጣ በኋላ ግን ብዙ ቆየ።

ደጀን ትዕማር ነጠላዋን እስክታጥፍ ጠብቆ መጣ።

«ተቆጥተሃል» አለችው።

«ሰው እንዲያለቅስበት ነበር የጻፍኩት።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። «እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። የወንድሟን ታሪክ ልታይ ነው የመጣችው። ስትስቅ አየኋት።»

ትዕማር «ይቅርታ ልጄ» አለችና በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። መንገድ ላይ ሦስት ባጃጅ ቆሞላት «ግቢ እናድርስሽ» አሏት፤ አንዱ ነጂ «መጥቼ ልምታሽ?» አላት። ሳቀችለትና ሄደች። ደስታና ኃፍረት በአንድ ላይ ሲመጡ እንዲህ እንደሚያደክሙ አታውቅም ነበር። ቤት ገብታ አዲስ አበባ ላለችው ልጇ ለሕይወት ደወለች።

«ሳቁብኝ» አለቻት።

«እነማን ናቸው የሳቁብሽ?»

«አራት መቶ ሰው።»

ሕይወት ትንሽ አዳመጠች። እናቷ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች መለየት አልቻለችም። «ልምጣ እንዴ እማ?» አለች።

«ነይ» አለች ትዕማር።

እሑድ ጠዋት ደጀን እናቱን ግቢው ውስጥ ማሽላ ስታበጥር አገኛት። ሌሊቱን አልተኛም ነበር። አጠገቧ ተቀመጠና «ለምን ሳቅሽ?» አላት።

«ያስቅ ነበራ።»

«የወንድምሽ ነገር እኮ ነው።»

ፀዲ ሰፌዱን አስቀመጠችው። «እናቴን ነው ያየኋት» አለች። «ሽማግሌ ፊት ስትከራከር እንደዚያ ነበረች። እንደዚያ ነው ነጠላዋን የምትቋጥረው። ሽማግሌዎቹ እሷ ስትመጣ ሲያዩ ምሳቸውን ቀድመው ይበሉ ነበር፤ ዛሬ አንነሣም ብለው። ከሞተች ሃያ ዓመቷ። ትናንት መጣችልኝ።»

«መጨረሻው ላይስ? እትዬ ትዕማር ከራሷ ነው ያመጣችው። እኔ ስትጮህ ነው የጻፍኳት። አንቺ እንደነገርሽኝ።»

ፀዲ ከእህሉ ውስጥ ጠጠር ለቀመች። «ያለቀሰችውማ ኋላ ነው። ሬሳውን ይዘው ሲገቡ አላለቀሰችም። እኔን ዞር ብላ ላሟ ታልባለች ወይ ብላ ነው የጠየቀችኝ። አልታለበችም አልኳት። ገባችና አለበቻት። ወተቱን ከደነችው። ከዚያ ወጥታ ነው የወደቀችው። ሰው ልቧ ደንዳና ነው እንዳይላት ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት አለቀሰች ብለህ ነዋ የጠየቅኸኝ።»

ደጀን ተነሣና ግቢውን ዞረ። ተመልሶ መጥቶ እናቱ ያበጠረችውን ማሽላ ወደ ከረጢት መገልበጥ ጀመረ። ከረጢቱ እስኪሞላ አጠገቧ ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ደጀን ወደ ትዕማር በረንዳ መጣ። ሱሪ እየቆረጠች ነበር። መቀስ መያዟን አልተወችም፤ ሊያባርራት የመጣ መስሏት ነበር። ጽሑፉንና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አደረገና እናቱ ያለችውን ሁሉ ነገራት፤ ላሟንም፣ ወተቱንም። ትዕማር መቀሱን አኖረችው።

«ቅዳሜ ያሉትን ይንገሩኝ፤ ልጻፈው» አለ ደጀን።

«ግማሹን ረስቼዋለሁ።»

እንዳለውን ጠሩት። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ፤ እሱ የሚያስታውሰውን እሷ አታስታውስም፣ እሷ የምታስታውሰውን እሱ ይክዳል። የመጀመሪያውን ክፍል ሲጨርሱ ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላ ነበር። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ደጀን እስክሪብቶውን አቆመ። «ውኃውን ትቼ ላሟን ላድርገው?» አለ።

ትዕማር አሰበችበት። «ላሟ የእናትህ ናት» አለች። «እሷ ጋ ትቆይ። እኔ ውኃውን እጠይቃለሁ።»

ጎብዬ ላይ በገበያ ቀን አሳዩት። ሕይወት መጥታ ነበር። እናቷን በፊልም ስታለቅስ በልጅነቷ አይታታለች፤ አባቷ ያስቀመጠው አንድ ካሴት ነበር፤ ፈርታ እናቷ ጉያ ትደበቅ ነበር። አሁን ከአባቷ ዘመዶች መካከል ቆማ አንዲት አሮጊት መድረክ ላይ ስትነታረክ አየች። ዘመዶቿ ሁሉ ይስቃሉ፤ እሷ እስከ መጀመሪያው ክፍል ማብቂያ እናቷ መሆኗን ለማመን ነበር የምትታገለው። ሲያልቅ ወደ ኋላ ሄዳ አቀፈቻት። «አባዬ ይህን አይቶታል?» አለቻት።

«ምሳ ላይ» አለች ትዕማር።

ሕይወት አዲስ አበባ አብረን እንሂድ ልትላት ነበር የመጣችው፤ ግን አላነሣችውም። ብቻዋን ተመለሰች።

መጋቢት መጀመሪያ ላይ ከቆቦ በስተሰሜን ወዳለችው ዋጃ ሄዱ፤ ስምንተኛው ትርዒታቸው ነው። የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ሠሩት። ዋጃ ትግርኛ የሚናገረው ብዙ ነው፤ ሰው ቆቦና ጎብዬ ባልሳቀበት ቦታ ሳቀ፣ በሳቀበት ዝም አለ። ትዕማር የት እንደሚስቁ እየጠበቀች፣ እያዘገየች፣ አንዳንድ ጊዜ እየቀደመች ሠራችው። መርዶው ላይ ሲደርሱ ነፋስ ተነሥቶ ነጠላዋን ወሰደው፤ ዘካሪያስ ከሽማግሌው ቦታ ተነሥቶ አነሣላት።

ካለቀ በኋላ ዕቃውን ወደ ሚኒባሱ ሲጭኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወደ ትዕማር መጣ። ሐድጉ እባላለሁ አላት። በትሩን ተደግፎ ቆመ። ተውኔቱን አላነሣም፤ አላመሰገናትም።

«እህቴ፣ አንቺ የውኃ ነገር የምታውቂ ነሽ» አለ። «ከላዬ ያለው ሰውዬ ግማሽ ቀኔን ወስዶብኛል። ሁለት ዓመት ሆነው። ማንን ነው የምጠይቀው?»

ትዕማር እኔ ተዋናይ ነኝ ልትለው አፏን ከፈተች። ከዚያ ፊቱን አየችው። ሚኒባሱ ጥሩምባውን ነፋ፤ ደጀን ከበሩ እጁን አወዛወዘላት። ትንሽ ጠብቁኝ ብላ ምልክት ሰጠችና ዛፉ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሐድጉም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ቦዩን የሚዘጋው በምን ነው?» አለችው። «በድንጋይ ነው በቅጠል?»

«በድንጋይ። ጠዋት ያነሣዋል፤ ሰው እንዳያይ።»

«ድንጋዩን ያየ ሰው አለ?»

ሐድጉ በትሩን ጎኑ አጋደመና ይነግራት ጀመር።